ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጡት ሰባት ደቂቃዎች

መንግሥትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በስድስት ዓመቴ ነው። አጭር ነበር፤ ጉንፋንም ይዞት ነበር።

ከሁለተኛ ማዕረግ ፉርጎ ወረደ። በአንድ እጁ የቆዳ ቦርሳ፣ በሌላው መሐረብ ይዟል። እኔ ደግሞ የበር መቃን የሚያክል፣ ሲራመድ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ስጠብቅ ነበር የሰነበትኩት። ምክንያት ነበረኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አክስቴ ከቲኬት መስኮቷ አንገቷን አውጥታ፣ "አባዬ፣ ሰማህ? መንግሥት ባቡሩን ወሰደው!" ስትል ሰምቻለሁ። በማግስቱ ግን ባቡሩ እንደ ወትሮው እየጮኸ መጣ። ባቡርን የሚያህል ነገር ወስዶ፣ ጭረት እንኳ ሳያሳርፍበት በማግስቱ የሚመልስ ሰው ጉልበተኛም ጨዋም መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ።

ዛሬ በምድር ባቡር ድርጅት መዝገብ ክፍል ስለምሠራ ወረቀቱ ሁሉ በእጄ ነው። በዚያ ዘመን ሦስት ትንንሽ የባቡር ኩባንያዎች ነበሩ፤ አንዱ የማዕድኑ፣ አንዱ የወደቡ፣ አንዱ የነጋዴዎች ማኅበር። ሦስቱም የየራሳቸው የቲኬት ቀለም፣ የየራሳቸው ፊሽካ፣ ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ የየራሳቸው ሰዓት ነበራቸው። የወደቡ ሰዓት ከነጋዴዎቹ በአሥራ አንድ ደቂቃ ይቀድማል። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ጣቢያ አንድ መንገደኛ ከአንዱ ባቡር ወርዶ ሌላው ላይ ሲሳፈር በአሥራ አንድ ደቂቃ ያረጅ ነበር፤ ሲመለስ ያቺኑ ልጅነቱን መልሶ ያገኛል። መንግሥት ሦስቱን ጠቅልሎ አንድ የምድር ባቡር ድርጅት ሲያቋቁም፣ መጀመሪያ ያወጣው መመሪያ ስለ ሐዲድም ስለ ፉርጎም አልነበረም። ስለ ሰዓት ነበር። አራት መስመር ናት፤ የመጨረሻዋ እንዲህ ትላለች፦ "የጣቢያው ሰዓት ከአንድ ደቂቃ በላይ ተሳስቶ የተገኘበት የጣቢያ ሹም ከሹመቱ ይነሳል።"

የእኛ ጣቢያ ሹም አያቴ ነበር። እናትና አባቴ በዋናው ጣቢያ የጥገና ክፍል ስለሚሠሩ እኔ የማድገው ከአያቴና ከእናቴ ታናሽ እህት ጋር፣ ከጣቢያው ፎቅ ላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። ሹመቱ ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። አያቴ ግን ያውቅ ነበርና በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ዳቦ ሲቆርጥ እንኳ ቢላዋው ይዛነፍ ጀመር። ዳቦን በማስመሪያ የለካው ያህል አስተካክሎ የሚቆርጥ ሰው ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ሰባቷ ደቂቃ ልንገራችሁ።

ባቡሩ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ደንቡ ሦስት ደቂቃ ቆሞ እንዲነሳ ነው፤ በሌሎቹ ጣቢያዎችም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ ጋ ግን አሥር ደቂቃ ይቆም ነበር። ጣቢያችን ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚወደድ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዙሪያውን የተተከሉት አበቦችም ሐሳቤን ይደግፉልኝ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። የባቡር ሰው አንድ የማይጥሰው ሕግ አለው፦ ባቡር መዘግየት ይችላል፣ ከሰዓቱ በፊት መነሳት ግን አይችልም። የእኛ የግድግዳ ሰዓት ደግሞ በሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ነበር። ባቡሩ ልክ በአራት ሰዓት ሲገባ ሰዓታችን ገና ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ይላል። ነጂው ሰዓታችን አራት ከሦስት እስኪል እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ግዴታው ነው፤ የባከነውን ከጣቢያው ወዲያ ባለው ቁልቁለት ላይ ያካክሰዋል።

ነጂው ግን እጁን አያጣጥፍም ነበር። ከጭሱ ብዛት "ጥቀርሻ" የሚል ስም የወጣለት፣ ረጅም፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ወጣት ነው። ባቡሩ ሲቆም ዘሎ ይወርድና ብሎን መፍቻ ይዞ ወደ አክስቴ መስኮት ይሮጣል። ምክንያቱም ቲኬት ላይ ቀን የሚመታው ማሽን ተበላሽቷል። በየቀኑ! በዓለም ላይ እንደዚያ የሚበላሽ ማሽን ያለ አይመስለኝም። ጉዳዩን በጥሞና ተከታትዬዋለሁ። ማሽኑ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም የሚበላሸው ባቡሩ ሊገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚያች ሰዓት አክስቴ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ከንፈሯንም ትቀባለች። ስለዚህ ማሽኑ ከሩቅ በሚመጣው የባቡር ንዝረት እንደሚበላሽ፣ አክስቴም ለባለሙያ ክብር ያላት ሰው እንደሆነች ተረዳሁ።

መንግሥት የላከው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ የተጣሉ ቲኬቶችን በቁጥር ቅደም ተከተል ስደረድር፣ ከላዬ እንዲህ ሲባል ሰማሁ።

"ሐሙስ መንግሥት ሊመጣብን ነው" አለች አክስቴ። "ሰባቷን ደቂቃ ካገኘብን አባዬ አለቀለት።"

"እንዴት ያገኛታል?"

"እንዴት ያገኛታል ይለኛል! ሰዓቱ ውስጥ ተቀምጣለቻ፣ የት ትሄዳለች? ይልቅ ብሎኑን አጥብቀው፣ ሰው እያየን ነው።"

"የጠበቀ ብሎን እንዴት አድርጌ ላጥብቀው?"

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰዓታችን ውስጥ ሰባት ደቂቃ ተደብቃለች፤ መንግሥት መጥቶ ይፈትሻል፤ ካገኛት አያቴ ያልቃል። አያቴ እንዴት እንደሚያልቅ አላወቅኩም። ሻማ ሲያልቅ ግን አይቻለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሰባቷን ደቂቃ ቀድሞ ማውጣት።

ሐሙስ ማለዳ ከመኝታዬ ስነሳ አያቴ የሰዓቱን የመስታወት በር ከፍቶ በጨርቅ ሲወለውል አገኘሁት። እኔን ሲያይ ደንገጥ ብሎ በሩን ዘጋውና፣ "አቧራ" አለ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሰዓት ቀና ብሎ አላየም። የኪስ ሰዓቱን ይዞ ወጥቶ በመሳፈሪያው ጠርዝ ያሉትን ድንጋዮች ኖራ ይቀባ ጀመር። ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ አክስቴ ወንበር ላይ ቆማ ያንኑ በር ከፍታ አየኋት። "ሸረሪት" አለችኝ ሳልጠይቃት። ያ ሰዓት በዕድሜው እንደዚያ ቀን ታጥቦ አያውቅም።

የእኔ ተራ የደረሰው አክስቴ ቲኬት ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ነው። የሻንጣ መመዘኛው ላይ ወጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ። በሩን ከፈትኩ። በግራ እጄ የአያቴን ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ከሰዓቱ ሥር ደግኜ፣ በቀኝ እጄ ረጅሙን ዘንግ ወደፊት ገፋሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... በሰባተኛው ላይ ቆርቆሮውን በፍጥነት ከደንኩ። መመዘኛውን አየሁ። አሁንም አሥራ ዘጠኝ ኪሎ። ሰባት ደቂቃ ክብደት እንደሌለው ያን ቀን አረጋገጥኩ። ቆርቆሮውን ኪሴ ከትቼ ወረድኩ።

ትንሽ ቆይቶ ተሳፋሪዎች መግባት ጀመሩ። ሁለት ዶሮ የታቀፈች ወፍራም ሴትዮ ሰዓቱን አይታ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ባቡሩ ግን አልመጣም። ሰዓቱ አራት ሞላ። አራት ከአምስት ሆነ። አራት ከአሥር።

"አያችሁልኝ?" አለች ሴትዮዋ ለዶሮዎቿም ለሁላችንም። "መንግሥት ከወሰደው ወር አልሞላው፣ መዘግየት ጀመረ!"

አክስቴ ይህን ሰምታ አንገቷን አውጥታ ሰዓቱን አየችና እንደ ኖራው ነጣች። ወንበሩን አንስታ ወደ ሰዓቱ ስትሮጥ ባቡሩ ጮኸ።

መንግሥት ገባ። አፍንጫውን ጠረገ። ከደረት ኪሱ በሰንሰለት የታሰረ ሰዓት አወጣ። በእጁ የያዘውን አየ፤ የግድግዳውን አየ፤ ደግሞ የእጁን። አክስቴ ወንበሩን እንደታቀፈች ቀረች።

"በእኔ ሰዓት አራት ሰዓት ነው" አለ። "በእናንተ አራት ከአሥራ አራት። የጣቢያው ሹም ማን ናቸው?"

አያቴ ባንዲራውን በብብቱ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰዓቱን ሲያይ ፊቱ ላይ የወጣውን መልክ አልረሳውም። በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ ሰው መልክ ነው።

"እኔ ነኝ" አለ። "ሰዓቱንም ዛሬ ማለዳ ወደፊት የገፋሁት እኔ ነኝ። ሰባት ደቂቃ። ሰባት ብቻ!"

"አባዬ!" አለች አክስቴ። "አንተም?"

"እኔም ማለት?"

"ሰባቱ የእኔ ናቸው!" አክስቴ ወንበሩን አስቀምጣ ተቆጣጣሪው ፊት ቆመች። "እሱ ምንም አያውቅም። ዓይኑ ደክሞ ሰዓት ሲሞላ ይሳሳታል፤ እኔ ነኝ ልሸፍንለት ብዬ የነካሁት።"

"የማን ዓይን ነው የደከመው?" አለ አያቴ።

"ሰባትና ሰባት፣ አሥራ አራት" አለ ተቆጣጣሪው፣ ማስታወሻው ላይ እየጻፈ። "ልክ መጣ።" ሊዘጋው ነበር።

እኔ ግን ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሂሳብ ሲዛነፍ ዝም ማለት ያኔም አልችልም፣ አሁንም አልችልም።

"ሰባት ደግሞ የእኔ አለ" አልኩ።

ተቆጣጣሪው ወደ ታች ተመለከተኝ። "አንቺም ወደፊት ነው የገፋሽው?"

"አዎ።"

አስነጠሰ። ከዚያ የጻፈውን ሰረዘና ዳግመኛ ደመረ። "ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ። ሰዓቱ የቀደመው ግን በአሥራ አራት ነው።" እርሳሱን አፉ ውስጥ ከተተ። "ሰባት ደቂቃ ይጎድላል።"

አያቴ ዓይኑን ጨፈነ። ዛሬ ሳስበው ወጥመዱ ይገባኛል፦ ሁላችንም እውነቱን በመናገራችን ብቻ፣ ሰዓቱ ከመነሻውም ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደነበር ራሳችን ደምረን አሳየነው። ያኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ መንግሥት ሰባት ደቂቃ ጎድሎበታል፣ እኔ ደግሞ አለኝ። አያቴ ከሚያልቅ ብሰጠው ይሻላል። ቆርቆሮውን ከኪሴ አውጥቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

"ጋሼ መንግሥት፣ ይኸውና! እኔ ጋ ነው ያለው። አልነካሁትም፣ እንዳለ ነው።"

ተቆጣጣሪው ቆርቆሮውን ተቀበለኝ። አልሳቀም። ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠና ወደ አያቴ ዞረ። "ሁለት ደቂቃ አለን። ሰዓቱን ወደ ኋላ ያደረገው ማን ነው? ለምን?"

ጥቀርሻ ብሎን መፍቻውን ይዞ እየሮጠ የገባው ይሄኔ ነው። ሁላችንንም አይቶ በሩ ላይ ደረቀ።

"እነሆ ምክንያቱ፣ በእግሩ መጣ" አለ አያቴ።

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"ምንም! ነገሩ እሱ ነው፤ ምንም አላደረግክም!" አያቴ ባንዲራውን ከብብቱ አውጥቶ ጠቆመው። "ጌታዬ፣ ይህ ልጅ በየቀኑ ልጄ መስኮት ላይ ይመጣና 'አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር' ይላል። ከዚያ ፊሽካው ይነፋል፤ ይሮጣል። በማግስቱ 'አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር'። ሦስት ደቂቃ አልበቃው አለ። አዘንኩለት። ሰዓቴን ወደ ኋላ አድርጌ አሥር ሰጠሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አሥር ደቂቃ! እስካሁን ብሎን ነው የሚፈታው!"

አክስቴ አፏን በእጇ ሸፈነች። "አባዬ... ታውቅ ነበር?"

"ደክሟል ያልሽው ዓይን ነው ያየው።"

ተቆጣጣሪው ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ባዶ ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ከትቶ ተጫነው። ጧ! ቀኑ ጥርት ብሎ ታተመ። ማስታወሻው ላይ ጻፈ። "በቀን ሰባት ደቂቃ፣ ሁለት ዓመት" አለ ለራሱ፤ ከዚያ ለጥቀርሻ፣ "ሰማንያ አምስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ወስደሃል። ከዛሬ ጀምሮ ያለህ ሦስት ደቂቃ ነው። ከዛሬው ላይ የቀረህ ደግሞ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።"

የጥቀርሻ ጆሮ ፍም መሰለ። አያቴን አየ፤ ብሎን መፍቻውን አየ። ብሎን መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር" አለ።

"ኧረ ባክህ!" አለች ባለዶሮዋ ሴትዮ።

"አግቢኝ።"

አክስቴ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች። "ስንት ሰከንድ አለኝ?"

"አርባ።"

"አይበዛም?" አለችና ሳቀች። "እሺ። አገባሃለሁ። ሁለት ዓመት ስጠብቅ መልሱን በቃሌ አጥንቼዋለሁ።"

ጥቀርሻ እንደ ግንድ ቆሞ ቀረ። "አሁን ምን ላድርግ?"

"ሩጥ!" አልነው ሁላችንም ባንድ ድምፅ፤ ተቆጣጣሪውም ጭምር።

ሴትዮዋ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ዶሮዎቹ አመለጡ፤ አንደኛዋ ወደ መንገደኞቹ ፉርጎ፣ አንደኛዋ ወደ አያቴ ቢሮ። አያቴ ዶሮ በብብቱ፣ ባንዲራ በእጁ ይዞ ወጣ። ባቡሩ በተቆጣጣሪው ሰዓት ልክ አራት ከሦስት ሲል ተነሳ፤ ጥቀርሻም ከቁልቁለቱ ማዶ እስኪሰወር ድረስ ፉጨቱን አላቋረጠም።

ግን አልቆመም ነገሩ። ተቆጣጣሪው ቀረ፤ መመሪያ ቁጥር አንድም ቦርሳው ውስጥ ነበረች። የአያቴ ቢሮ ተቀምጦ፣ አክስቴ ያፈላችለትን ሎሚ ያለበት ሙቅ ውኃ እየጠጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፈ። አያቴ ቆሞ ጠበቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ፎቁ ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ተመለከትኩት። ያፈስ እንደሆነ የሚያይ መስሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። በአገሩ ያለ ጣቢያ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አንድ ድምፅ ይሰማ ነበር፦ "ስድስት ሰዓት!" አያቴ እኔን አቅፎ አነሳኝ፤ ሁለቱን ዘንጎች ከላይ አስተካክዬ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪው ከኪስ ሰዓቱ ጋር አመሳከረ።

"አዋጁ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢወጣም፣ ድርጅቱ የተቋቋመው አሁን ነው" አለ፣ በተዘጋ አፍንጫው። "ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረው ስህተት የድሮው ኩባንያ ነው። እኔ የተላክሁት ሐዲድና ሕንፃ ልረከብ ነው፤ ስህተት ተረከብ የሚል ትእዛዝ አልተሰጠኝም።"

አያቴ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። አክስቴ ወደ ጓዳ ገብታ ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ አሰማች። ተቆጣጣሪው ቆርቆሮዬን መለሰልኝ። "ይህም በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያንቺ ነው። በደንብ አስቀምጪው።"

ከጥቂት ዓመታት በፊት የግል ፋይሉን አገኘሁት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እኛ የመጀመሪያ ሥራው ነበርን። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተሰጠው ማስታወሻ "ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ቢያንስ አንድ ሹም ይነሳ" ይላል። የእኛን ጣቢያ ዘገባ እንዲህ ብሎ ዘግቶታል፦ "ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ትክክል። የቲኬት ማሽኑ ፍጹም ጤነኛ። ሠርግ ይጠበቃል።" ስለዚህ መንግሥት አጭር ነበር ስል መስደቤ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ረጃጅሞችን አይቻለሁ።

ሠርጉ ከሦስት ወር በኋላ ሆነ። ሙሽሮቹ በአራት ሰዓቱ ባቡር እንዲሄዱ ተወስኖ፣ ጥቀርሻ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እንደ መንገደኛ ተቀመጠ፤ የሚነዳው ጓደኛው ነው። ተቆጣጣሪውም ተጋብዞ መጥቷል። ባቡሩ በሰዓቱ ገባ። ሰዓቱ ግን አራት ከሁለት ሲል አክስቴ ገና ፎቅ ላይ ነበረች፤ የቀሚሷ ጫፍ ተተርትሮ ትሰፋ ነበር። ጥቀርሻ በመስኮት ብቅ ብሎ አያቴን አየ። አያቴ ሰዓቱን አየ። ለአንድም ሰው፣ ለልጁም ቢሆን፣ ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ደቂቃ አስረዝሞ አያውቅም። አራት ከሦስት ሆነ። ባንዲራውን ወደ ላይ አነሳ።

እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ቆርቆሮውን ከኪሴ አውጥቼ ክዳኑን ከፈትኩት።

አያቴ ወደ ታች፣ ወደ ባዶው ቆርቆሮ ተመለከተ። ከዚያ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ የኪስ ሰዓቱን አወጣ፤ ደቂቃዎቹንም አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። አክስቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ስድስት ላይ ደርሶ ነበር። ሰባት ሲሞላ ባቡሩ ሄደ።

አሁን የድርጅቱን ታሪክ እንዳዘጋጅ ታዝዤ የየጣቢያውን የመዘግየት መዝገብ እያገላበጥኩ ነው። የእኛ ጣቢያ አያቴ ጡረታ እስኪወጣ ባሉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የተመዘገበበት መዘግየት አንድ ብቻ ነው። ሰባት ደቂቃ። "ምክንያት" በሚለው ዓምድ ውስጥ ሌሎች ሹሞች "ጎርፍ"፣ "ላም ሐዲድ ላይ" ብለው በሚጽፉበት ቦታ፣ አያቴ በዚያ በማስመሪያ የተሰመረ በሚመስለው የእጅ ጽሑፉ "ከቆርቆሮ የወጣ" ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ ቀለም የተቆጣጣሪው ፊርማ አለ፦

"ተመሳክሯል። ልክ ነው።"